ወደ ምጣዱ ሂዱ፦ ኢነርጂ ዘርፍ ለምትገቡ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ ኢነርጂ ዘርፍ ለመግባት የምታስቡ ልጆች ስታገኙኝ ጥያቄያችሁ አንድ ዓይነት ነው። "ጋሼ፣ የቱ ይሻላል? ግድብ፣ ንፋስ ወይስ ሶላር?" ሁሉም ጥሩ ነው። ዕድሜዬን መብራት ሥራ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ምክሬን ከፈለጋችሁ ግን፣ ወደ ምጣዱ ሂዱ።

የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃና ከንፋስ የሚመነጭ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሌሎች አገሮች የድንጋይ ከሰል ጣቢያዎቻቸውን እንዴት እንደሚዘጉ ሲጨነቁ እኛ ያ ጣጣ የለብንም። ኩሩበት። ግን አብዛኛው ሕዝባችን ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። ደናችንም የእናቶቻችን ዓይንና ሳንባም የሚጎዳው እዚያ ነው።

ይህን ፖሊሲ አውጪዎቹም ያውቁታል። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ራሳችሁ አንብቡት፤ ሰው ሲያወራ ሰምታችሁ ብቻ አትለፉት። ቅድሚያ ከተሰጣቸው አራት ሥራዎች አንዱ የውሃ ኃይል ነው። የተሻሻለ ምድጃም ከአራቱ አንዱ ነው። ግድቡ ተሠርቶ ተመረቀ። ምድጃው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ለእናንተ የተረፈው ሥራ ይሄ ነው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገልብጣችሁ እዩ። ከሸክላው ሥር እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚዞር ቦይ ተቆፍሯል። ሽቦው እዚያ ውስጥ ይቀመጥና በጀሶ ይለሰናል። ሸክላው ወፍራም ስለሆነ ገና እስኪግል ብዙ ኃይል ይበላል። ከሥር ሙቀት የሚይዝ ነገር ከሌለው ደግሞ ሙቀቱ ወደ ታች ይባክናል። አንዱ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። በበዓል ዋዜማ በአንድ ሰፈር 50 ምጣድ እኩል ቢሰካ 175 ኪሎ ዋት መጣ ማለት ነው። ትራንስፎርመሩ ትንሽ ከሆነ ይቃጠላል፣ ሰፈሩ ይጨልማል፣ እናትየውም ሊጧን ይዛ ወደ እንጨት ትመለሳለች። እሷን "ካርቦን ቀንሺ" ብሎ መስበክ ነውር ነው። መብራቱ እንደማይጠፋባት ካመነች ማንም ሳይመክራት እንጨቱን ትተወዋለች።

ስለዚህ ስስ ሆኖ የማይሰነጠቅ ሸክላ፣ ሙቀት የሚይዝ ታች፣ በቂ ትራንስፎርመር፣ ጠንካራ የሰፈር መስመር ያስፈልገናል። ማንም ሪባን አይቆርጥለትም፤ እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ የኢንጂነሪንግ ሥራ አላውቅም። ከጥር 2016 ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪናውም እዚያው መስመር ላይ መጥቷል። ቻርጅ የሚደረገው ሌሊት እንዲሆን በታሪፍ ማበረታታት ይቻላል። ይህንም የሚያሰላው ሰው ያስፈልጋል።

ጥገናን አትናቁ። አሉቶ ላንጋኖ የመጀመሪያው የጂኦተርማል (በከርሰ ምድር እንፋሎት የሚሠራ) ጣቢያችን ነው፤ 7.3 ሜጋ ዋት ተብሎ ተተክሎ በብልሽት ለዓመታት ቆሟል። እንፋሎቱ ከመሬት በታች አለ፤ የጠፋው መለዋወጫና የሚጠግን እጅ ነበር። አዲስ ነገር የሚተክል ሁልጊዜ ይገኛል። የተተከለውን የሚያቆይ ሰው ግን ያንሰናል።

በ2027 እ.ኤ.አ. የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። እስከዚያ ብዙ ንግግር ትሰማላችሁ። እናንተ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ዙሪያውን ይዞ የሚያልፍበትን ኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ) ተዋሱና እናታችሁ ቤት ግቡ። ምጣዱ ስንት አምፒር እንደሚስብ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚግል፣ አንድ ሞሶብ እንጀራ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚፈጅ ጻፉ። ከዚያ ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ ነገር ጨምሩበትና እንደገና ለኩ። ልዩነቱን አምጡልኝ፤ አብረን እናየዋለን።