በዘፈቀደ ፈተና ያለፈ ኔትወርክ ጥቃትን ይቋቋማል?

ጥያቄ፦ 1,000 አንጓዎች (መስመሮች የሚገናኙባቸው ነጥቦች) እና 2,000 መስመሮች ያሉትን የኔትወርክ ካርታ ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ፣ በዘፈቀደ 100 አንጓ እየጣልኩ 20 ጊዜ ሞከርኩት። ከጥቂቶች በቀር የቀሩት ሁሉ እንደተያያዙ ናቸው። ጠንካራ ነው ልበል?

መልስ፦ አይቸኩሉ። መስመሮቹ በዕጣ የተዘረጉ ቢሆኑ እንኳ፣ በአንጓ በአማካይ 4 መስመር ስላለ፣ ንድፈ ሐሳቡ ኔትወርኩ የሚፈርሰው 750 ያህል አንጓ ሲወድቅ ነው ይላል። 100 መጣል ማሟሟቂያ ነው።

አማካይም ያታልላል። አንድ ማዕከልና በእሱ በኩል ብቻ የሚገናኙ 100 አንጓዎች ያስቡ። ከ101ዱ 10 በዘፈቀደ ሲነሱ ማዕከሉ የመመታት ዕድሉ 10 በመቶ ገደማ ነው። ከተረፈ 91ዱም ተያይዘው ይቀራሉ፤ ከተመታ ሁሉም ለየብቻ ነው። ተያይዘው የሚቀሩት አማካይ 82 ይወጣል፤ 82 የቀሩበት ሙከራ ግን አንድም የለም። ስለዚህ ሙከራውን ወደ 1,000 ያሳድጉ፤ ከአማካዩ ጎን ዝቅተኛውን ውጤትም ይመዝግቡ።

ይህ ሁሉ ግን ስለ ብልሽት እንጂ ስለ ጥቃት አይናገርም። የኔትወርክ ተመራማሪዎቹ አልበርት፣ ጆንግና ባራባሺ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳዩት፣ ጥቂት አንጓዎች አብዛኛውን መስመር የያዙበት ኔትወርክ የዘፈቀደ ብልሽትን ችሎ ያልፋል፤ እነዚያው ተመርጠው ሲመቱ ይበታተናል። ለዚህኛው ፈተና ብዙ መስመር ያለውን አንጓ ይጣሉ፣ የቀሩትን አንጓዎች መስመሮች እንደገና ይቁጠሩ፣ ቀጣዩን ይጣሉ። ብዙዎች መጀመሪያ ባወጡት ዝርዝር እስከ መጨረሻ ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲወድቅ ግን የጎረቤቶቹ ደረጃ ይለወጣል። እኩል የሆኑትን በዕጣ ይለዩ፤ አለዚያ ምርጫው በመለያ ቁጥራቸው ተራ ይሆንና ውጤቱ ያዘነብላል።

ሁለት መስመር ብቻ ኖሮት ሁለት ትልልቅ ክፍሎችን የሚያገናኝ ድልድይ አንጓ በዚህ ቆጠራ አይታይም። እሱን ለመያዝ፣ ሌሎች አንጓዎችን ከሚያገናኙት አጭር መንገዶች ስንቱ በየአንጓው እንደሚያልፍ አስልተው፣ ብዙ የሚያልፍበትን እያስቀደሙ ፈተናውን ይድገሙ። ስሌቱ ከከበደ በየ10 አንጓው ብቻ ያድሱት።

አንድ አንጓ በጣሉ ቁጥር የትልቁን የተያያዘ ክፍል መጠን ለመነሻው 1,000 ያካፍሉ። ለቀሩት ካካፈሉ፣ 10 አንጓ ቀርቶ 5ቱ ሲያያዙ «50 በመቶ» የሚል ቀልድ ይወጣል። ውጤቶቹን ደምረው ለ1,000 ሲያካፍሉ የሚያገኙት ቁጥር ከ0.5 አይበልጥም፤ ሁለት ንድፎችን ለማወዳደር ይበቃል።

በካርታው ላይ ሁለት የሆኑ መስመሮች በአንድ ቱቦ የሚያልፉ ከሆነ አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ይቆርጣል፤ አንድ ላይ ይጣሏቸው።