ስልኩ ስንት ጊዜ ጮኸ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የዲጂታል ማርኬቲንግ ባለሙያ፣ «ያልተሳካልኝን የማስታወቂያ ዘመቻ ለሙያ ጓደኞቼ ባካፍል ደንበኛ አያሳጣኝም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ወደ 2006 ዓ.ም. ስለመለሰኝ መልሱን ለእርሷም ለእናንተም በጽሑፍ ማድረግ መረጥኩ።

ያን ጊዜ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው ለሚሸጡ አንዲት እናት የፌስቡክ ገጽ ከፍቼላቸው ነበር። ያደግሁት በሬዲዮ ማስታወቂያ ጽሑፍ ስለሆነ (እዚያ በሰከንድ ስለሚከፈል ቃሉ እንደ ቡና ፍሬ ይለቀማል) አዲሱ መስክ ቀላል መስሎኝ ነበር። ገጹ በሁለት ወር ከ400 ሰው በላይ ባለማፍራቱ አፈርኩና ላይክ ከሚሸጥ ሰው 20 ሺህ ገዛሁ። በአሥር ቀን ውስጥ ቁጥሩ ሞላ፤ እርሳቸውም ተደስተው ቁጥሩን በባነር አሳትመው ከሱቃቸው በር በላይ ሰቀሉት፤ ለፋሲካ ገበያ ብለውም ከወትሮው እጥፍ ዛላ ገዝተው አስቀነጠሱ፣ አስደለዙ፣ አስፈጩ።

የማዘዣ ስልኩ ግን አልጮኸም። ፌስቡክ አንድን ጽሑፍ በቅድሚያ የሚያሳየው ለተወሰኑ ተከታዮች ሲሆን፣ እነርሱ ዝም ካሉ ለሌሎች ማዳረሱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ የገዛኋቸው አማርኛ የማያነቡ ስሞች እነዚያን 400 እውነተኛ ሰዎች ጭምር ከለሉብን።

በዚያ ሰሞን አሥር የምንሆን የሙያው ሰዎች ዓርብ ዓርብ ካዛንቺስ እየተገናኘን ማኪያቶ እንጠጣ ነበር። የገጹን የላይክ ብዛት የሚያሳየውን ሽቅብ የወጣ መስመር በስልኬ ሳሳያቸው ሁሉም ሲያደንቁ አንዱ ብቻ፣ «ስልኩ ስንት ጊዜ ጮኸ?» አለኝ፤ ሳቅሁበት። ሁለቱ ዘዴውን ከእኔ ተቀብለው በደንበኞቻቸው ገጽ ላይ ሠሩበት። ፋሲካ አልፎ በርበሬው በጆንያ ከቀረ በኋላም ዓርብ አልቀረሁም፤ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

የዛሬ ወጣቶች በየሙያ ቡድናችሁ የምታካፍሉት ያማረውን ስክሪንሾት ነው፤ የወጣውን ገንዘብና የተሸጠውን ዕቃ ቆርጣችሁ ታስቀራላችሁ። ይህን ለመናገር እኔ ምን አፍ አለኝ? ቢሆንም የደንበኛውን ስም ሸሽጋችሁ ወጪውን፣ የደወለውንና የገዛውን ሰው ብዛት ተነጋገሩ። ስለ መለጠፊያ ሰዓትና ስለ ምስል ጥራት አልመክራችሁም፤ ከእኔ ትሻላላችሁ።

ደንበኛ ያሳጣል ወይ ለተባለው፣ ሊያሳጣ ይችላል፤ እኔ በዝምታዬ አንድም ደንበኛ አላጣሁም። እኚያ እናት እንኳ በርበሬውን በኪሳራ ሸጠው ሲጨርሱ ለቀጣዩ ዓመት ያሠሩት እኔኑ ነው። ያን ቀን ከጆንያው ግርጌ የቀረውን በጣታቸው ቆንጥረው ቀመሱና፣ «ልጄ፣ ጨው በዝቶበት ይሆን እንዴ?» አሉኝ። «ሊሆን ይችላል» አልኳቸው።