የእናንተም ስም ሠንጠረዡ ውስጥ ይግባ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን የማገኛችሁ ወጣት ሐኪሞች ጥያቄያችሁ አንድ ሆኗል። «ዶክተር፣ ለዕድገት ስንት ፐብሊኬሽን፣ ስንት የታተመ ጥናት ይበቃል?» እሱን መሥሪያ ቤታችሁ ይነግራችኋል። እኔ ስለ አንድ ሐኪምና ስላሳተመው አንድ መጽሐፍ ላጫውታችሁ።

አሌክሳንደር ጎርደን ይባላል። በስኮትላንድ፣ በአበርዲን ከተማ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1789 መጨረሻ እስከ 1792 መጀመሪያ ከተማዋን የአራስ ትኩሳት መታት። ሴቶቹ በደህና ይገላገላሉ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ ትኩሳቱ አልወርድ ይላል። ጀርም የሚባል ነገር ገና አይታወቅም። ብዙው ሐኪም የሚያሳብበው በመጥፎ አየር ነበር።

ጎርደን ሠንጠረዥ ሠራ። 77 ሴቶችን መዘገበ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ የታመሙበት ቀን፣ መዳን ወይም መሞታቸው። 28ቱ ሞተዋል። ነገሩን የፈታው ግን ሌላ ዓምድ ነው። «ያዋለዳት ማን ነው?» የሚል። በዚያ ዓምድ ላይ ጣታችሁን ወደ ታች ብትነዱ፣ ያው ስም ደጋግሞ ይመጣል። ጎርደን አንዲትን ነፍሰ ጡር የትኛዋ አዋላጅ እንደምታዋልዳት ሲሰማ፣ ትታመም እንደሆነ አስቀድሞ እስከ መናገር ደርሶ ነበር። በሽታውን ከአራስ ወደ አራስ የሚያዞሩት አዋላጆችና ሐኪሞች ነበሩ።

ከዚያም ስለ ራሱ ጻፈ። መናገሩ ደስ ባይለውም፣ እሱ ራሱ ለብዙ ሴቶች በሽታውን እንዳደረሰ በ1795 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ አሰፈረ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ቆም እላለሁ። ማንም አላስገደደውም። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር።

ሁሉ ነገሩ ልክ ነበር አልላችሁም። ያከም የነበረው ደም በማፍሰስና ሆድ በማስቀመጥ ነው፤ በዚያ ይተማመን ነበር፤ ተሳስቷል። አዋላጆቹንም በስማቸው አትሞ አወጣቸው። በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ፤ እንጀራቸው ነበር። ዛሬ እናንተ በኮድ መዝግቡ፤ የማንንም ስም አታውጡ። ከተማው ፊቱን አዞረበት። እሱም ወደ ባሕር ኃይል ተመለሰ፤ በ1799 በሳንባ ነቀርሳ፣ በ47 ዓመቱ ሞተ። ሠንጠረዡ ግን አልሞተም። በ1843 አሜሪካዊው ሐኪም ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ቦስተን ላይ የአራስ ትኩሳት ተላላፊ ነው ብሎ ሲሟገት የጎርደንን ሥራ ጠቅሷል። ሕክምናው ተረሳ፤ በሐቀኝነት የሞላው ዓምድ ለሌላ ሰው ደረሰ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም ሳለሁ፣ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ቁስል የሚያመረቅዝባቸው እናቶች በዙ። ጠዋት ራውንድ ላይ ፋሻው ሲነሳ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። አንዷን አስታውሳለሁ። ጠያቂዎቿ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ሲገቡ፣ እሷ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሰብስባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሕፃኑን አያቱ ነበረች የያዘችው።

ካርዶቹን አውጥቼ መዘገብኩ። ዕድሜ፣ ምጡ የቆየበት ሰዓት፣ የእንሽርት ውሃ የፈሰሰበት ጊዜ፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ ውጤቱ። «ቀዶ ጥገናውን ያደረገው» የሚል ዓምድም ነበረኝ። አንድ ሲኒየር ሐኪም አይቶ «ይቺን ተዋት፣ ሰው ታስቀይማለህ» አለኝ። ተውኳት። ሰው እንዳይቀየም ብቻ አልነበረም። በዚያ ዓምድ የእኔም ስም አራት ቦታ ነበር።

ጥናቱ ታተመ። ለዕድገትም ተቆጠረልኝ። መደምደሚያው ላይ የተራዘመ ምጥን ምክንያት አድርጌ ጻፍኩ፤ ውሸት አይደለም፣ የተራዘመ ምጥ በእርግጥ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ግን ከእኛ እጅ፣ ከእኛ ጓንት፣ መሣሪያው ከሚቀቀልበት ክፍል የመጣ ነገር ይኖር እንደሆነ ሊጠይቅ የሚችለውን ዓምድ እኔው ነቅዬዋለሁ። ከእኔ በኋላ የመጣ ሬዚደንት ጥናቴን ቢያነብ የሚያገኘው የእናቶቹን ጉድለት ብቻ ነው። ምጣቸው ረዘመ፣ ዘግይተው መጡ፣ ይላል።

ስለዚህ ፕሮፖዛል ስትጽፉ፣ መጠይቁን ገና ሳታባዙት፣ የትኛውን ዓምድ ለመሙላት እንደምትፈሩ እዩ። እሱን አታውጡት። ሲኒየራችሁ አውጣው ካላችሁ ወደ እኔ ኑ፤ አብሬያችሁ እገባለሁ። ያ የድሮ ደብተሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አራቱ ቦታ ላይ ስሜን በእርሳስ ነበር የጻፍኩት፤ አጥፍቼዋለሁ፤ ወረቀቱን ወደ መስኮት ብታዞሩት ግን ይነበባል።