የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጎርፍ የሚጠበቅበት መንደር

በዚህ ዙር ከወሎ የመጡት ጥያቄዎች የሚገርሙ ናቸው፣ አብዛኞቹ ስለ አንድ ሩቅ ቦታ ነው የሚያወሩት፣ ኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ ስለሚገባበት ዴልታ። ልጆቻችን እዛ እየተመደቡ ነው መሰለኝ።

ከሐይቅ ከተማ

«ሰላም ናችሁ? ታናሽ ወንድሜ በግብርና ተመርቆ ዳሰነች ወረዳ ስራ ይዟል። ያለበት መንደር ትንሽዬ ናት፣ ወንዙ ሐይቅ ውስጥ የሚገባበት ጋ ናት አለኝ። ሰዎቹ ዝናብ አይጠብቁም፣ ጎርፍ ነው የሚጠብቁት ይለኛል። እኛ በልግ ሲቀርብን ምን እንደምንሆን እናውቃለን፣ ጎርፍ ሲመጣ ደሞ ማሳችንን ይዞ ነው የሚሄደው። ጎርፍ ተጠብቆ እንዴት ይዘራል? እየቀለደብኝ ነው እንዴ?»

አብሽር፣ አልቀለደብህም። እዛ የሚዘንበው ዝናብ ሰብል የሚያደርስ አይደለም፣ በጣም ትንሽ ነው። ቁምነገሩ ያለው ላይ ደጋው ላይ ነው። ኦሞ ከመሀል አገሩ ደጋ ተነስቶ ወደ 760 ኪሎ ሜትር ወርዶ ነው ቱርካና የሚገባው፣ ሐይቁ መውጫ የለውም፣ ከሚገባለት ውሃ ደሞ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የኦሞ ነው። ወንዙ ከደጋ አፈር ጭኖ ይመጣና የተኛ ውሃ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቅበታል፣ ጉልበቱ ሲያልቅ አፈሩን እዛው ይጥላል፣ በጣለው አፈር የራሱ መንገድ ይዘጋበትና በሌላ በኩል ሰንጥቆ ይወጣል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ረግረጋማ ሜዳ ይፈጠራል። ዴልታ ማለት ይሄው ነው።

እና ሐምሌና ነሐሴ ደጋው ላይ የዘነበው ውሃ ነሐሴ መስከረም ላይ እታች ይደርሳል፣ ወንዙ ሞልቶ ዳርና ዳሩን ያለብሰዋል፣ ከዛ ይሸሻል። የሸሸበት ቦታ እርጥብ ደለል ይቀራል፣ ሰዎቹ ጫፉ በሾለ እንጨት መሬቱን እየወጉ ማሽላ ይዘሩበታል፣ በቆሎና ባቄላ መሰል ጥራጥሬም ይዘራሉ፣ በሬ መጥመድ የለ ማዳበሪያ መግዛት የለ፣ ደለሉ የያዘው እርጥበት ብቻውን ሰብሉን ያደርሰዋል፣ ክረምት ካለፈ በኋላ የተዘራ በበጋው ይሰበሰባል ማለት ነው። ውሃው ሰፋ ብሎ ከወጣ የሚዘራው መሬት ይሰፋል፣ ጠበብ ካለ ይጠባል። ስለዚህ ጎርፍ ሲቀርባቸው እኛ በልግ ሲቀርብን የምንሆነውን ነው የሚሆኑት።

ወሎ ውስጥ ቀረብ የሚለው ቆቦ ነው፣ ገበሬው የጎሊናን ወንዝ ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ ይለቀዋል። ልዩነቱ ቆቦ ላይ ውሃውን ሰው ነው የሚመራው፣ ዴልታው ላይ ግን ውሃው የፈለገበት ይሄዳል፣ ሰው ነው የሚከተለው። ለከብቱም እንደዛው ነው፣ ውሃ የሸሸበት ሳር በበጋ ያድናቸዋል፣ ከሚሴ ጋ ያለችውን የጨፋን ረግረግ ካየሃት ነገሩ ወዲያው ይገባሃል። ደሞ ዳሰነች ከሁሉም በላይ የከብት ሰው ነው፣ ዓሣ ማጥመድ ከብት ያለቀበት ሰው ስራ ተደርጎ ነበር የሚታየው። ወንድምህ የግብርና ባለሙያ ስለሆነ መጀመሪያ ስለ ከብቶቻቸው ቢጠይቃቸው ይሻለዋል፣ ማሽላው በኋላ ይደርሳል።

ከኮምቦልቻ

«ግድብ ጎርፍ ይከላከላል እየተባለ ነው ያደግነው። ታዲያ ኦሞ ላይ የተሰራው ጊቤ 3 ጎርፉን ማስቀረቱ ዳሰነችን ጎዳ ሲባል እሰማለሁ፣ በዜና ደሞ ዳሰነች በጎርፍ ተፈናቀለ ይባላል። ጎርፉ ቀረ ነው መጣ ነው? አንዱን ንገሩን!»

ሁለቱም ልክ ነው፣ ይሄ ነው ነገሩን የሚያወሳስበው።

ጊቤ 3 ታህሳስ 2009 ዓ.ም ተመረቀ፣ ከፍታው 240 ሜትር ያልፋል፣ አቅሙ 1870 ሜጋ ዋት ነው። ኮምቦልቻ ያሉት ፋብሪካዎችም ከብሄራዊው መስመር ነው መብራት የሚወስዱት፣ ስለዚህ ግድቡ ጥቅም የለውም የሚል ሰው ካለ አልሰማውም። ግን ግድብ የሚሰራው የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ አመቱን ሙሉ በልክ በልክ እየለቀቀ ነው፣ ተርባይን የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። ዴልታው ላይ ያለ ገበሬ ደሞ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፣ አንዴ ሞልቶ ወጥቶ የሚመለስ ውሃ። በልኩ የሚሄድ ወንዝ ከዳርቻው አይወጣም፣ ካልወጣ ደለል የለም፣ ደለል ከሌለ ማሽላ የለም። ሲታቀድ ሰው ሰራሽ ጎርፍ እየተለቀቀ ይካካሳል ተብሎ ነበር፣ ድሮ የሚያውቁት አይነት ጎርፍ ግን አልተመለሰላቸውም። ከላይ ደሞ የኩራዝ ስኳር እርሻ አለ፣ እሱም ከዚሁ ወንዝ ይጠጣል።

አሁን የሚፈናቀሉበት ውሃ ሌላ ነው። ካለፉት ጥቂት አመታት ወዲህ፣ ከ2012 አካባቢ ጀምሮ፣ ምስራቅ አፍሪካ ላይ ከባድ ዝናብ ጥሎ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያሉ ብዙ ሐይቆች ሞልተዋል፣ ቱርካናም አንዱ ነው። ዴልታ ደሞ ከሐይቁ ወለል ከፍ ያለው በጣም በትንሹ ነው፣ ሜዳ ስለሆነ ሐይቁ ትንሽ ከፍ ሲል ውሃው አግድም ብዙ ርቀት ይገባል። ከፊት ሐይቁ እየገፋ፣ ከኋላ ወንዙ እየመጣ፣ መንደሮቹ መሀል ላይ ቀሩ፣ የግጦሽ መሬትም ውሃ ስር ገባ። የዱሮው ጎርፍ መጥቶ ይሄድ ነበር፣ ይሄኛው መጥቶ ተቀመጠ። ውሃው ራሱም ጨዋማ ነው፣ የሐይቅ ውሃ ነዋ። እኛ ጋ የተገላቢጦሽ ነው የሆነው፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር፣ ውሃው ሸሽቶ ዛሬ በእግር ይገባል።

የኔን ሀሳብ ከጠየቃችሁኝ ጎርፉን የወሰደ ፕሮጀክት መስኖ ሰጥቻለሁ ብሎ ፓምፕ አስቀምጦ መሄዱ አይበቃም። ፓምፕ ናፍጣ ይፈልጋል፣ መለዋወጫ ይፈልጋል፣ ሲበላሽ ደሞ መካኒኩ ያለው ከመንደሩ በጣም ርቆ ነው፣ ጎርፉ ግን በነፃ ነበር የሚመጣው።

ከወልድያ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

«ዴልታ ባህር ላይ ብቻ አይደለም እንዴ የሚፈጠረው? አዋሽስ?»

የተኛ ውሃ ይኑር እንጂ ባህርም ሐይቅም ይሆናል። አዋሽ ባህር አይደርስም፣ የኛው ቦርከናና ሚሌ ተቀላቅለውት ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። አባይ ደሞ ዴልታው ግብፅ ነው፣ አፈሩ ከኛ የሄደ ነው ብለህ ብትናደድ አልፈርድብህም።

ከደሴ፣ አንዲት እናት

«አሰላሙ አለይኩም ልጆቼ። ልጄ ነርስ ናት፣ ዳሰነች ወረዳ ኦሞራቴ ከተማ ደርሷታል። አዞ አለ ይሉኛል፣ ሙቀቱ ሰው ይገላል ይሉኛል። እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላስይዛት?»

ወአለይኩም ሰላም እናታችን። አዞው አለ፣ አልዋሽዎትም፣ ግን ወንዝ ዳር ካልታጠበችና ሲመሽ ውሃ ልቅዳ ብላ ካልወረደች ቤት ድረስ አይመጣባትም። እኔ የምፈራላት ወባን ነው። አጎበር በየቀኑ፣ ሙቀቱ ቢያስጠላትም በየቀኑ፣ ትኩሳት ከተሰማት ደሞ ራሷ ነርስ ስለሆነች ያልፋል ብላ እንዳትተኛ፣ በዛው ቀን ትመርመር። የወንዝ ውሃ ሳታክም እንዳትጠጣ። የደሴን ብርድ አስበው ጋቢና ሹራብ እንዳይጭኑባት፣ ቦታው ከባህር ወለል 400 ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ስስ ጥጥ ልብስ ነው የሚያዋጣት። ሽሮና በርበሬ ያስይዟት፣ የደሴ እናት ይሄን ከኔ አትማርም መቼም።

ሰዎቹን አትፍራ በሏት። ጎጆዎቹን የሚሰሩት ሴቶቹ ናቸው፣ እንጨት አጉብጠው ቆዳና ቆርቆሮ ያለብሱታል፣ ከሴቶቹ ጋር ከተግባባች ስራዋም ይቀላታል፣ ምክንያቱም እናትና ህፃን ይዘው ክሊኒክ የሚመጡት እነሱ ናቸው። ቡና ሲያቀርቡላት እንዳይገርማት፣ የሚያፈሉት ገለባውን ነው፣ በቅል ነው የሚሰጧት፣ ትጠጣ። አቦል ቶና በረካ ቤቷ ስትሆን ታፍላለች። መንገዱን ደሞ ከአዲስ አበባ ጂንካ በረራ አለ፣ ከዛ በቱርሚ በኩል በመኪና ነው፣ ጠዋት ብትነሳ ይሻላታል።