ኢሜይል ይጣራል ወይስ ይነፋል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የኢሜይል ሰርቨር የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ካልተፈቀደ የላኪ አድራሻ የተላከ መልእክት እንዳይወጣ አደረግንና «የሚወጣ ኢሜይል በላኪው አድራሻ ይጣራል» ብዬ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። አንዲት ባልደረባዬ «ማንን ነው የሚጣራው?» አለችኝ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ባልደረባዎ እውነቷን ነው። ጠዋት ጣና ዳር ቢቆሙ የጀልባው ረዳት «ዘጌ! ዘጌ!» እያለ ይጣራል። የእርስዎም ኢሜይል ይጣራል። አጻጻፉም ድምፁም አንድ ነው። በዚያ ላይ «በስሙ ተጣራ» እንደምንለው «በአድራሻው ይጣራል» ሲባል ጆሮ ወደ ጥሪው ያደላል።

ግዕዝ ቢሆን ይህ ጣጣ አይመጣም ነበር። ሰው ሲጠራ «ጸርኀ»፣ ውሃ ሲጠራ «ጸርየ» ነው፤ «ጽሩይ» የምንለውም ከዚሁ ከሁለተኛው ነው። አማርኛ መጨረሻቸውን ሲውጠው ሁለቱም «ጠራ» ሆነው ቀሩ።

«ፊልተር ማለት ማጣራት ነው፣ አለቀ» የሚሉ አሉ። እኔ አላለቀም እላለሁ። ድፍርስ ውሃ ሲጣራ ውሃው ራሱ ይለወጣል። ሰርቨሩ ግን ደብዳቤውን አያጠራውም፤ አንዱን ያሳልፋል፣ ሌላውን ያስቀራል። ይህ የወንፊት ሥራ ነው። እናቴ ዱቄት ስትነፋ ደቃቁ ሰፌዱ ላይ ይወርዳል፣ ፉርሽካው ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ልቤ «መንፋት» የሚለውን ይወዳል።

ችግሩ እሱም ያው መሆኑ ነው። በግዕዝ በአፍ ሲነፋ «ነፍኀ»፣ በወንፊት ሲነፋ «ነፈየ» ነበር። ዛሬ «ኢሜይል ይነፋል» ቢሉ አንባቢው ጎሚስታ ቤት ያለ ጎማ ነው የሚታየው። ሕዝቡም «ማጣሪያ» ብሎ ለምዷል፤ ጋራዥ ውስጥ ብቻ የጣሊያኑ «ፊልትሮ» አለ። ስለዚህ «ማጣራት»ን ሳልወድ እቀበላለሁ። ማስታወቂያ ላይ «ይጣራል»ን ግን አልቀበልም።

«ላኪው» የሚለውም ግልጽ መሆን አለበት። ኢሜይል እንደ ወረቀት ደብዳቤ ነው፦ ሰርቨሮች ሲቀባበሉት የሚያዩት የላኪ አድራሻ ፖስታው ላይ ነው፤ ተቀባዩ የሚያነበው ደግሞ ውስጥ ያለውን ነው። ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ። የእርስዎ ሰርቨር የሚያየው የፖስታውን ከሆነ ይለይ። «የሚወጣ ኢሜይል»ንም እንደ መዝገብ ቤቶቻችን «ወጪ ኢሜይል» ቢሉት ያጥራል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ፖስታው ላይ ያለው የላኪ አድራሻ ያልተፈቀደ ከሆነ ወጪ ኢሜይሉ ከሰርቨሩ አያልፍም።»