መልስ፦ ፈረንሳዊው ዘፋኝ ዦርዥ ብራሰንስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምን ይሠራ ነበር?

ወንድሜ፣ «ብራሰንስ ጀርመን ሠርቷል ይባላል፤ ከናዚዎች ጋር ተባብሮ ነው እንዴ?» ላልከው፣ አይደለም። ወዶ አልሄደም። በ1943 (በፈረንጆቹ) ከናዚዎች ጋር የተባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ከ1920 እስከ 1922 የተወለዱ ወንዶችን ለግዳጅ ሥራ ጠራ። እሱ ደግሞ የ1921 ልጅ ነው። በመጋቢት ወር በርሊን አጠገብ ወደምትገኘው ባስዶርፍ ተወሰደና የቢኤምደብሊው የአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ ውስጥ ገባ። እዚያም ግጥምና ዜማ መጻፉን አልተወም። በኋላ ጸሐፊው የሆነውን ፒየር ኦንቴኒየንትንም ያገኘው እዚያው ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በመጋቢት 1944 አጭር ፈቃድ አግኝቶ ፓሪስ መጣ። በቃ፣ አልተመለሰም! ዣን የምትባል ልብስ ሰፊ፣ የአክስቱ ወዳጅ፣ ፍሎሪሞ በተባለች ጠባብ መንገድ ያለች ቤቷ ውስጥ ደበቀችው። መብራት የለ፣ የቧንቧ ውኃ የለ፤ ድመትና ውሻ ግን ሞልቷል። ቢያዝ እሱም እሷም አለቀላቸው። ፓሪስ በነሐሴ ነፃ እስክትወጣ እንደዚያ ከረመ።

ታዲያ ጦርነቱ ሲያልቅ ወጥቶ የሄደ እንዳይመስልህ። ታዋቂ ከሆነም በኋላ እስከ 1966 እዚያው ኖረ። በ1954 ያወጣው፣ በብርድ ጊዜ ማገዶ የሰጠውን ደግ ሰው የሚያመሰግነው ዘፈን ለዣን ባል ለማርሴል የተበረከተ ነው። ለዣንም በስሟ ዘፍኖላታል።