የካሉብ ጋዝ፣ ግድቡና ቦቴው

ጥያቄ፦ የአባይ ግድብ እያለ በሶማሌ ክልል የሚገኘውን የካሉብን ጋዝ ለመብራት ማቃጠል ምን ይፈይዳል? ደግሞስ ፈሳሽ ሆኖ በቦቴ ከሚጓዝ ቱቦ መዘርጋት አይሻልም?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ለዘወትር መብራት ከሆነ ብዙም አይፈይድም። ኃይላችን በአብዛኛው ከውኃ ነው። ንፋሱ ደግሞ በበጋ ስለሚበረታ ግድቦቹ የሚጎድሉበትን ወቅት ይደግፋል፤ ንፋሱ ጋብ ሲል የግድቡ ተርባይን በደቂቃዎች ውስጥ ይተካዋል። ጋዝ የሚፈለገው ዝናቡ ሲከዳ ነው። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ የነበረበትን ጊዜ ያስታውሳሉ።

ስለዚህ መነሻው የዓመቱ ፍጆታ ሳይሆን የከፋው ሳምንት ነው። እናስላው። አንድ ቦቴ 18 ቶን ያህል ፈሳሽ ጋዝ ቢጭን፣ ትኩስ ጭሱን በእንፋሎት መልሶ የሚጠቀም ጣቢያ ከዚያ 135 ሜጋዋት ሰዓት ገደማ ያወጣል። ባለ 100 ሜጋዋት ጣቢያ ቀንና ሌሊት ሲሠራ በየቀኑ 18 ቦቴ ይፈልጋል። ደርሶ መልሱ አራት ቀን ከፈጀ ብልሽት ሳይቆጠር 72 ቦቴ መሰለፍ አለበት! ጭሱን ወደ አየር የሚለቀው ርካሹ ተርባይን ደግሞ በቀን 27 ቦቴ ገደማ ይበላል።

ቱቦ ጋዝ አለፈበትም አላለፈበትም ወጪው ያው ነው። በድርቅ ዓመት ብቻ ለሚነሳ ጣቢያ መዘርጋት አያዋጣም። የሚያዋጣው ዓመቱን ሙሉ የሚገዛ ደንበኛ፣ ማለትም የማዳበሪያ ወይም የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ቀድሞ ሲፈርም ነው።

በሲሊንደር የሚሸጠው ቡታጋዝ በግፊት ብቻ ፈሳሽ ይሆናል፤ የካሉቡ ጋዝ ግን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። ያኔ መጠኑ 600 ጊዜ ያህል ያንሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አስቀድሞ ከሚሊዮን 50 እጅ በታች ካልወረደ በረዶ ሆኖ ማቀዝቀዣውን ይደፍናል። ሞቃት ታንክም ቀስ በቀስ ሳይቀዘቅዝ አይሞላም፤ ፈሳሹ በአንዴ ይፈላል፣ ብረቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ፈሳሹ ሽታ ስለሌለው ማራገፊያው ላይ ጠቋሚ መሣሪያ የግድ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ትነቱ ነው። በደንብ ከተሠራ ትልቅ ታንክ እንኳ በቀን ከሺህ አንድ እጅ አካባቢ ይተናል፤ በትንሹ ታንክ ይብሳል። ስለዚህ ፈሳሽ ጋዝ ሞልቶ ድርቅን ለዓመታት መጠበቅ አይቻልም። የእኛ ምርጫ በጋዝም በናፍጣም የሚሠራ ተርባይን ነው። የሚተከለው ጋዝ በየቀኑ ከሚገባበት ፋብሪካ አጠገብ ሲሆን፣ ቦቴ ሲቀር የሚያስነሳው ናፍጣ እዚያው ግቢ ውስጥ ይቀመጣል።